መልስ፦ ነጩ ዓሣ ነባሪ በፊልሙ ለምን ተራ አውሬ መሰለ?

እህቴ፣ «ሞቢ ዲክን ድሬዳዋ ላይ አንብቤ ፊልሙን ሳየው ዓሣ ነባሪው ተራ አውሬ ሆነብኝ፤ ለምን?» ብለሻል። እኛም ሐረር ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል።

አሜሪካዊው ደራሲ ኸርማን ሜልቪል እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው በዚህ ልቦለድ ስለ ዓሣ ነባሪው ንጣት ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። ንጣቱ ቅድስናም ነው፣ ፍርሃትም፣ ባዶነትም። ካሜራ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር አይሆንለትም፤ አውሬው በታየ ቅጽበት ቆዳና ጥርስ ብቻ ይሆናል። (እ.ኤ.አ. በ1956ቱ ፊልም ሰው ሠራሽ መሆኑም ያስታውቃል።)

ቢሆንም ዳይሬክተሩን ጆን ሂዩስተንን አልኮንነውም። በመጽሐፉ መጨረሻ በዓሣ ነባሪው ጎን በገመድ ተተብትቦ የሚታየው የካፒቴኑ ጦር ወርዋሪ የፈዳላህ ሬሳ ነው፤ ዓሣ ነባሪውን የሚያሳድደው ካፒቴን አክዓብ ግን ገመድ አንገቱን ጠልፎት ባሕር ውስጥ ይሰወራል። ፊልሙ ፈዳላህን ጨርሶ አስወጥቶ አክዓብን ራሱን ከዓሣ ነባሪው ጋር አሰረው። የሞተው ካፒቴን ክንዱ እየተወዛወዘ መርከበኞቹን «ኑ፣ ተከተሉኝ» የሚል ይመስላል። አሳዳጅና ተሳዳጅ አንድ አካል ሆኑ! ከመጽሐፉ ፊደል ወጥቷል፣ ከመንፈሱ ግን አልራቀም፤ እንዲህ ያለውን ድፍረት ከታማኝ ግልባጭ አስበልጣለሁ።

ፊልሙን ከመድገምሽ በፊት ስለ ንጣቱ የሚናገረውን ምዕራፍ 42ን እንደገና አንብቢው።