ጥያቄና መልስ፦ ለዲሲ ሞተር ፍሬን

ለገጣፎ ባለችው የእንጨት ቶርኖዬ ላይ ፍሬን ገጠምኩ ካልኳችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ሞተሯ ከትሬድሚል የወጣች ናት፤ ባለ ማግኔት፣ 180 ቮልት፣ 5 አምፔር። እዚሁ ልመልስ።

ከቡራዩ፦ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ሞተሩን ምን ያቆመዋል?

እየዞረ ያለ ሞተር ጄኔሬተር ነው። ገመዶቹን ከስፒድ ኮንትሮለሩ ነጥለው በሬዚስተር (ከረንትን በሚገድብ ዕቃ) ሲያገናኟቸው፣ የሚያመነጨው ከረንት መልሶ ራሱን ይይዘዋል። የዙሩ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ያልቃል።

ጋሼ፣ ገመዶቹን ያለ ሬዚስተር ባገጣጥማቸውስ?

ኧረ ተው! የሞተሬ የውስጥ ሬዚስታንስ 2 ኦም ገደማ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር የሚያመነጨው 170 ቮልት ገደማ ነው፤ ለ2 ሲካፈል 85 አምፔር። ካርቦኑ (ከረንቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፈው) ይቃጠላል፤ ማግኔቱም ሊደክም ይችላል።

ከሰበታ፦ ሬዚስተሩ ስንት ኦም ይሁን? ከየት ላግኘው?

የሞተሩን አምፔር እጥፍ ያድርጉ፤ 10። 180 ለ10 ሲካፈል 18 ኦም። የሞተሩን 2 ሲቀንሱ 16። ለዚህ ብለው መርካቶ አይንከራተቱ። ባለ 1500 ዋት የምድጃ ሽቦ በ220 ቮልት 32 ኦም ነው፤ ሁለቱን በፓራለል ሲያስሩ 16 ይመጣል። ቀዝቃዛ ሳለ ቴስተሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቢያነብ አይደንግጡ። ብቻ በተበሳሳ ቆርቆሮ ይሸፍኑት።

የሪሌዩ አገጣጠም ግራ ገባኝ።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ነው፤ ሞተሩን ከኮንትሮለሩ ወደ ሬዚስተሩ የሚያዛውረው እሱ ነው። አንዱ የሞተር ገመድ ሪሌዩ የጋራ እግር ላይ ይግባ። የኮንትሮለሩ ፖዘቲቭ ሪሌዩ ሲስብ በሚዘጋው እግር፣ ሬዚስተሩ ሲለቅ በሚዘጋው። የሞተሩ ሌላው ገመድ፣ የኮንትሮለሩ ኔጌቲቭና የሬዚስተሩ ሌላ ጫፍ አንድ ላይ ይታሰራሉ።

ግን የዲሲ ብልጭታ ግትር ነው፤ እንደ ኤሲ ከረንቱ በየጊዜው ዜሮ ሲገባ አይጠፋም። ኮንትሮለሩ እየሰጠ ሪሌዩ ከለቀቀ ብልጭታው ድልድይ ይሠራል። የመጀመሪያዋ ሪሌዬ ኮንታክቷ ቀልጦ የተጣበቀው እንዲህ ነው፤ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ኮንትሮለሩ ዜሮ ይግባ፣ ቀጥሎ ሪሌዩ ይልቀቅ። ሲያስነሱም ሞተሩ ፍጹም ቆሞ፣ ፍጥነቱ ከዜሮ። ሪሌዩ ለዲሲ የተሠራ ይሁን፤ ለኤሲ 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ።

መብራት ድንገት ቢጠፋስ?

እኛ ሰፈር ይህ ብርቅ አይደለም። ሪሌዩ ይለቃል፣ ማግኔቱ መብራት አይፈልግም፣ ስለዚህ ይቆማል። ሞተሩ ባለ ፊልድ ኮይል (በቋሚ ማግኔት ፈንታ የሽቦ ጥቅል ያለው) ከሆነ ግን የማግኔት መስኩም አብሮ ይጠፋል፤ ፍሬን የለም።

ከገላን፦ ለዕቃ ማንሻ ይሆናል?

ለብቻው አይሆንም። ዙሩ ሲቀንስ ፍሬኑም ይደክማል፤ ሲቆም ጭራሽ የለም። የተንጠለጠለ ዕቃ ሜካኒካል ፍሬን ይፈልጋል።

ማንም ያልጠየቀኝን ልጨምር። የቶርኖው እንጨት መያዣ በጥርስ የሚጠመዘዝ ከሆነ፣ ድንገተኛ ፍሬን ሊፈታው ይችላል። የትሬድሚል ሞተር ቮላኖም (ዘንጉ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) እንደዚያው። መቆለፊያ ብሎን ከሌለው አንዱን የምድጃ ሽቦ አውጡና በ32 ኦም ቀስ ብሎ ይቁም።