ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ልታጠኑ ወደ ቀበሌ ለምትወርዱ

መጀመሪያ ስለ ናሙናው ብዛት፣ ስለ 384 እንነጋገር። በየመመረቂያ ጽሑፉ የማይጠፋው ይህ ቁጥር ምጣኔው 50 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ተብሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ የሚገኝ ነው። ለአንድ ጥቅል ቁጥር ይበቃል። እናንተ ግን የምትጠይቁት የጅማ ከተማዋና የገጠሯ፣ የዴዶዋ ሴት ቅድመ ምርመራ የማግኘት ዕድላቸው ምን ያህል ይለያያል ብላችሁ ነው። ከአሥር ሴት አንዷ ተመርምራለች እንበል፤ ከ384ቱ 38 መሆናቸው ነው። የገጠሮቹ ስምንት ቢሆኑ፣ ስምንቱን በትምህርት፣ በሀብትና በርቀት ከፋፍላችሁ ምን ልታገኙ? ሶፍትዌሩ እንደሆነ ዝም አይልም፣ ቁጥር ያወጣል፤ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል የሚባለው ክልል፣ ግን ከጅማ አጋሮ ይደርሳል።

ስለዚህ ናሙናውን ለከተማና ለገጠር ለየብቻ አስሉ። ሴቶቹን በቀበሌ ቀበሌ ከመረጣችሁ የአንድ ቀበሌ ሰው ስለሚመሳሰል ዲዛይን ኢፌክት፣ ማለትም ለዚህ መመሳሰል ናሙናውን የሚያሳድግ ማባዣ፣ ይጨመር፦ 384 በ2 ቢባዛ 768፣ ለማይገኙት 10 በመቶ ሲታከል 845። ገንዘቡ ካልበቃ ጥያቄውን አጥብቡ እንጂ ናሙናውን አትቆንጥሩ።

ሆስፒታል ግቢ ተቀምጦ መጠየቅ ይቀላል፤ እዚያ የምታገኟት ግን መንገዱን፣ ባሏንና የትራንስፖርቱን ብር ያለፈችዋን ነው። በጅማ አቅራቢያ ባለው የጊልገል ጊቤ የጥናት አካባቢ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪው እየተመዘገበ ስለሆነ ናሙና ማውጫ ዝርዝር አለ። ሌላ ቦታ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማኅደር ብትነሱም ተከራዮችና ለቡና ለቀማ የመጡት ስለሚቀሩ፣ ቤት ለቤት ዞራችሁ አድሱት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ስለሚለቀም እኩለ ቀን ላይ ሰው አታገኙም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት ተመለሱ፤ ያጣችኋትንም ከነምክንያቱ መዝግቡ። በጎረቤቷ አትተኳት።

ዕድሜ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። የትውልድ ዘመኗን የማታውቅ ሴት 30፣ 35፣ 40 ትላለች። የደከመ መረጃ ሰብሳቢም 49ኟን ሴት 50 ያደርጋታል፤ መጠይቁ ያልቅለታላ! በሚታወቅ ጊዜ ጠይቁ፦ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ተወልዳ ነበር? በሚሊኒየሙ፣ በ2000፣ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች? ሱፐርቫይዘሩ በየማታው የዕድሜውን ግራፍ ይሳል። 49 ላይ ጎድሎ 50 ላይ ካበጠ፣ በነጋታው የዚያ ሰብሳቢ ቤቶች ይደገሙ።

«ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። ለወሊድ ወይም ሉፕ ለማስገባት የታየችውም «አዎ» ትላለች። ኮምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ በጥጥ ነክተው፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀው ውጤቱን እዚያው ነገሯት? የአሴቲክ አሲድ ምርመራ ይህ ነው። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በኋላ ከተነገራት ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ (ኤችፒቪ) ምርመራ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይያዝ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ሕክምና ክትትል ላይ ሳሉ ምርመራውን ስለሚያገኙ፣ ከሌላው ጋር ከደባለቃችኋቸው ሽፋኑ ያለ መልኩ ይታያል።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግር ሰዓትና በባጃጅ ሒሳብ ለኩ፤ ክረምትንና በጋን ለይታችሁ። ጤና ጣቢያውንም ግቡና እዩ። የሠለጠነችው ነርስ ተዛውራለች? ምልክቱን በማቀዝቀዝ የሚያክመው የክሪዮቴራፒ ሲሊንደር ጋዝ አለው? ጋዝ ከሌለ ምልክት የተገኘባት ሴት «ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ትመለሳለች፣ በሪፖርቱ ግን «ተመርምራለች» ውስጥ ትቆጠራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2030 እ.ኤ.አ. 70 በመቶ ይመርመር ሲል ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶው ይታከሙ ማለቱንም አትርሱ። ምልክት ተገኝቶባቸው ሳይታከሙ የተመለሱትን ሴቶች በራሳቸው ዓምድ ያዙ።

በመጨረሻ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ወር አበባዋ ከቆመ በኋላ የሚደማት ሴት ልታጋጥማችሁ ትችላለች። ከመውጣታችሁ በፊት ማን እንደሚቀበላት ከጤና ጣቢያው ጋር ተስማሙ፤ የሪፈር ወረቀትና የመመላለሻዋን ብርም በጀቱ ውስጥ አስገቡ።