«ባለጌ» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች፦

በጥብቅና ዘመኔ ካየኋቸው የስድብ ክሶች ብዙዎቹ የተነሡት «ባለጌ» ከምትል አንዲት ቃል ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ሰውን ሰድቦ ክብሩን መንካትን ይቀጣል፤ ክሱ የሚንቀሳቀሰው ግን ተበዳዩ አቤት ሲል ነውና፣ ሰው ሥራውን ፈትቶ ደጅ የሚጠናው ቃሉ ምኑን ቢነካው ነው ብላችሁ ልትጠይቁ ይገባል።

ሥርዓት ለጎደለው ሰው ያወጣናቸው ስሞች አብዛኞቹ የሚከሱት ጥፋቱን ሳይሆን አስተዳደጉን ነው። «ስድ» ያለ ጠባቂ የተለቀቀ ነው፤ «ጋጠወጥ» ከጋጡ የወጣ ከብት ነው፤ «አሳዳጊ የበደለው» ሲባልማ ተወቃሹ ልጁ መሆኑ ቀርቶ በቦታው የሌሉት እናትና አባቱ ይሆናሉ። «ባለጌ»ም ለሰሚው ሳይቀጣ ያደገ ማለት ነው። ስለዚህ የታክሲ ሰልፍ ጥሶ የገባውን ጎረምሳ «ባለጌ!» ስትሉት እናንተ የተናገራችሁት ስለ ሰልፉ ቢሆንም፣ እሱ የሚሰማው እናቱ ስትሰደብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰልፉን የሚያስታውስ የለም። (ቃሉ ለዕቃም ተርፏል፤ በመጠጥ ቤት ባንኮኒ ሥር የሚደረደረውን ረጅም መቀመጫ «ባለጌ ወንበር» እንለዋለን፤ እሱ ግን እስካሁን ክስ አላቀረበም።)

«ነውር» ከዚህ ይለያል። በኦሪት ዘሌዋውያን ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳ «ነውር የሌለበት» እንዲሆን ታዝዟል፤ እንከን፣ ጉድለት ማለት ነው። ሽማግሌ «ተው ልጄ፣ ነውር ነው» ሲል የሚነቅፈው ድርጊቱን ስለሆነ፣ ጥፋተኛው ድርጊቱን ትቶ ከነክብሩ የሚመለስበት መንገድ ያገኛል። ይሁን እንጂ ይህም ቃል ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ የተደፈረችን ልጅ «ነውር ነው፣ አደባባይ አታውጪው» እያሉ አፏን የሚያስይዙ ዘመዶች አጋጥመውኛል፤ በዚያ ጊዜ ነውሩ ከአጥፊው ወርዶ ተበዳይዋ ላይ ይጫናል።

አቤቱታ ስታረቅቁም «ሰደበኝ» ብላችሁ አትለፉት። የተባለውን ቃል እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ አስፍሩት፤ ማን ለማን፣ በእነማን ፊት፣ ከምን ንግግር በኋላ እንደተናገረው ጻፉ። ደንበኛችሁ ቃሉን መድገም ቢያፍር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡትና ራሱ ይጻፈው።