ሞዴሉ ጎርፍ አላሳየም፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ ለመኪና ማቆሚያ የታሰበ ውሃ አስራጊ ንጣፍ ስዊም በተባለው የዝናብ ውሃ ሶፍትዌር ሠራሁ። ንጣፉ 500 ካሬ ሜትር ነው፤ አጠገቡ ያለ 1000 ካሬ ሜትር ጣሪያም ውሃውን ወደ እሱ ያወርዳል። ከሥሩ 300 ሚ.ሜ. የጠጠር ንብርብር አለው። በ3 ሰዓት 50 ሚ.ሜ. ዝናብ ስሰጠው አንድም ጠብታ ከላይ አልፈሰሰም ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ ገና አይመኑት፤ መጀመሪያ በእጅ ያስሉት። ጣሪያው የንጣፉ እጥፍ ስለሆነ ንጣፉ የሚቀበለው 50 ሳይሆን 150 ሚ.ሜ. ነው። ጠጠሩ 40 በመቶ ክፍተት ካለው 120 ሚ.ሜ. ይይዛል። የሥሩ አፈር በሰዓት 2 ሚ.ሜ. ቢጠጣ በ3 ሰዓት 6 ሚ.ሜ. ይወስዳል። የላይኛው ንጣፍ 100 ሚ.ሜ. ውፍረትና 17 በመቶ ክፍተት ቢኖረው ሌላ 17 ሚ.ሜ. ይጨምራል። ሁሉም ተደምሮ 143 ነው። የቀረው 7 ሚ.ሜ. የሆነ ቦታ መውጣት አለበት።

ቀድሞ የሚጠረጠረው ጣሪያው ጭራሽ አለመያያዙ ነው። ንጣፉን ከክፍለ ተፋሰሱ (ሶፍትዌሩ ውስጥ ዝናብ የሚቀበለውን መሬት ከሚወክለው ክፍል) ጋር በሚያገናኘው መስኮት ላይ፣ ውሃ ከማያሳልፈው መሬት ስንት በመቶው ወደ ንጣፉ እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሣጥን አለ። 0 ሆኖ ከተተወ ንጣፉ የሚያገኘው በራሱ ላይ የወረደውን 50 ሚ.ሜ. ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ያለ ችግር ይውጠዋል።

ሣጥኑ በትክክል ከተሞላ የውጤት ሰንጠረዡን ያንብቡ። ከላይ የፈሰሰውና በማፋሰሻ ቱቦ የወጣው ለየብቻ ይጻፋሉ። ከላይ 0 መሆኑ ውሃው ጠፋ ማለት አይደለም፤ በቱቦው በኩል ወጥቶ ታች ያለውን መስመር እያጨናነቀ ሊሆን ይችላል። የቱቦው ፍሰት የሚሰላው በአንድ ቁጥርና በውሃው ከፍታ ካሬ ሥር ነው። ከቱቦው እስከ ንጣፉ ገጽ 400 ሚ.ሜ. ከሆነና በ24 ሰዓት እንዲጎድል ከፈለጉ ቁጥሩ 2 × 20 ÷ 24 ማለትም 1.67 ገደማ ነው። ቱቦ ከሌለ 0 ያስገቡ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቦታ እንምጣ። ስዊም የሚጠይቀው ክፍተቱ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ሳይሆን የክፍተቱን ምጥጥን ከጠጣሩ ጋር ነው። 40 በመቶ ክፍተት ማለት 0.40 ÷ 0.60 = 0.67 ነው። 0.40 ብለው ከጻፉ ፕሮግራሙ 28.6 በመቶ አድርጎ ይወስደዋል፤ 120 ሚ.ሜ. የሚይዘው ጠጠርም ወደ 86 ይወርዳል። ይህ ስሕተት ጎርፍ ይጨምራል እንጂ አይደብቅም፤ ስለዚህ የእርስዎ ችግር እሱ ላይሆን ይችላል። ከጣሪያው ስሕተት ጋር ከተገናኘ ግን አንዱ ሌላውን ሸፍኖ ውጤቱን እውነት ያስመስለዋል።

የንጣፉ ቀዳዳዎች በጊዜ ብዛት በቆሻሻ መዘጋታቸውን የሚያሰላው የመደፈን ቁጥርም 0 ከሆነ ንጣፉ ዘላለም አዲስ ነው ማለት ነው። ለአንድ ዝናብ ችግር የለውም፤ የ10 ዓመት ዝናብ ለሚያስኬድ ሰው ግን ውጤቱ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሃይድረስ በተባለው፣ ውሃ በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በሚያሰላው ሶፍትዌር ላይ አሸዋ ከላይ፣ ጠጠር ከታች አድርጌ የላቦራቶሪ ሲሊንደር ሠራሁ። ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ስሌቱ ይቆማል። ሲያልፍልኝ ደግሞ ውሃው ከአሸዋው አልወርድ ይላል።

መልስ፦ ሁለተኛው ስሕተት አይደለም። እርጥብ ስፖንጅ ጠጠር ላይ ቢያስቀምጡ እስኪጠግብ ድረስ አያንጠባጥብም፤ የአሸዋው ጠባብ ቀዳዳም እንደዚያው ነው። ድንበሩ ላይ ያለው አሸዋ ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ውሃውን ወደ ጠጠሩ ሰፊ ክፍተት አይለቅም።

ስሌቱ የሚቆመው ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር የመምጠጥ ግፊት የጠጠሩን የማስረግ አቅም በሺዎች እጥፍ ስለሚጥለው ነው። ድንበሩ አካባቢ የስሌት ነጥቦቹን ከ1 እስከ 5 ሚ.ሜ. ያቀራርቡ፣ የመጀመሪያውን የጊዜ እርምጃም ያሳንሱ። መነሻውንም እጅግ ደረቅ አያድርጉት፤ በውሃ ግፊት ሲለካ ከ−10,000 ሴ.ሜ. ይልቅ ከ−100 ሴ.ሜ. መነሳት ይሻላል (ቁጥሩ ከ0 በታች በራቀ መጠን አፈሩ ይደርቃል)። የሲሊንደሩ ታች ለአየር ክፍት ከሆነ የታችኛው ወሰን የማንጠባጠቢያ ገጽ ይሁን፤ ነጻ ፍሰት የሚባለው የውሃ ጠለሉ ጥልቅ ለሆነ መሬት ነው። ሲያልፍልዎ የውሃ ሚዛን ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች መሆኑን ይዩ።

ጥያቄ፦ ለላይኛው ንጣፍ የማስረግ አቅም ስንት ላስገባ?

መልስ፦ ይለኩት። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት ለአስራጊ ኮንክሪት ሲ1701፣ ለብሎክ ንጣፍ ሲ1781 የተባሉ የልኬት ዘዴዎች አሉት። 300 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ቀለበት ከንጣፉ ጋር በማሸጊያ ሊጥ ያያይዙና ለማርጠብ 3.6 ኪሎ ውሃ ያፍስሱ። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሰረገ ለዋናው ልኬት 18 ኪሎ፣ ካልሆነ እንደገና 3.6 ኪሎ ይጠቀሙ፤ በቀለበቱ ውስጥ የውሃው ከፍታ ከ10 እስከ 15 ሚ.ሜ. ይቆይ። 18 ኪሎ በ60 ሴኮንድ ከሰረገ በሰዓት 15,280 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ማሸጊያው ከሾለከ ወይም ውሃው ከሥር ወደ ጎን ከተሰራጨ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ብዙ ቦታ ይለኩ፤ አማካዩን ካስኬዱ በኋላ ዝቅተኛውን ለብቻው ያስኪዱት።