ወደ ቤት ያዘመመ ባህር ዛፍ፦ ስንት ልክፈል? ለማንስ?

ኮተቤ የሚኖሩ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ጓሮአቸው ውስጥ ትልቅ ባህር ዛፍ አለ። ከአራት ዓመት በፊት አናቱን አስቆርጠውት ነበር። አሁን መልሶ አቆጥቁጦ ወፍሯል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የማድቤቱን ቆርቆሮ በስቷል። ጎረቤት ከኋላ ለአጥር መሠረት ካስቆፈረ ወዲህ ደግሞ ዛፉ ወደ ቤቱ ያዘመመ መስሏቸዋል። በጎረቤት በኩል ግርጌው አፈሩ ተሰንጥቋል። የመብራት ሽቦም በቅርንጫፎቹ መሐል ያልፋል። ሦስት ሰው አነጋግረዋል። አንዱ «እንጨቱን ልውሰድና በነጻ ልጣልልዎ» አለ። ሁለተኛው 8 ሺህ፣ ሦስተኛው 35 ሺህ ብር ጠየቁ። «አናቱን ብቻ በድጋሚ ባስቆርጠውስ?» ይላሉ።

እናቴ፣ አይሆንም። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ የቀረው ስንጥቁ ላይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሥሩ ተቆርጧል።

ሰው የዛፍ ሥር ቁልቁል እንደ ምሰሶ የተተከለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው ሥር በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ከቅርንጫፉ ጥላም አልፎ ይዘረጋል። ድንኳን ሲተከል ያስቡት። ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ዙሪያውን በካስማ የተወጠረው ገመድ ነው። ያዘመመ ዛፍም እንዲሁ ነው። ወደ ቤትዎ ካዘመመ፣ እንዳይወድቅ የያዘው ከኋላው የተወጠረው ሥር ነው። ጎረቤትዎ ያስቆፈሩት ደግሞ ልክ በዚያ በኩል ነው። መሠረት ቆፋሪ ሥር ሲያጋጥመው በፋስ መትቶ ያልፋል፤ ማንም አይነግርዎትም። ዛፉ ወዲያው አይወድቅም። ቅጠሉም ለብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው። ክረምት ሲገባ አፈሩ ይርሳል፣ የቀረው ሥር መያዣ ያጣል። ያ ስንጥቅ ሥሩ ከነአፈሩ መነሳት መጀመሩን ነው የሚናገረው።

በራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ባዘመመበት በኩል ግንዱ ላይ በሰው ቁመት ልክ ሚስማር ይምቱ። ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) ያንጠልጥሉበት። ጫፉ ያረፈበት መሬት ላይ አጭር ፌሮ ይትከሉ። ከየዝናቡ በኋላ መልሰው ይለኩ። የቱንቢው ጫፍ ከፌሮው አንድ ጣት ያህል ከሸሸ፣ በዚያ በኩል ባለው ክፍል ውስጥ ማንም አይደር።

ያን ጊዜ አናቱን የቆረጡት ሰዎች ያናድዱኛል። እንዲህ ያለ ሥራ በየሰፈሩ አያለሁ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከግንዱ ልብ ነው የሚነሳው። አናት ተቆርጦ የሚያቆጠቁጠው ግን ከቅርፊቱ ሥር ነው። ይወፍራል እንጂ አይይዝም። ማድቤትዎን የበሳው እሱ ነው።

ስለ ሽቦው አሁኑኑ ልናገር። መስመሩ ከምሰሶው ሳይቋረጥ ማንም ዛፉ ላይ አይውጣ፣ መሰላልም አይደገፍበት። እርጥብ ቅርንጫፍ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ቆጣሪው ጋ ማጥፋት አይበቃም፤ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ መብራቱ እንዳለ ነው። መብራት ኃይል ሄደው ቀን ያስይዙ። ለመቁረጡ ደግሞ ወረዳዎን ፈቃድ ይጠይቁ።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የሚከፍሉት ለማውረዱ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ዛፍ አንድ የሞተር መጋዝና ሁለት ሰው ይበቃዋል። የእርስዎ ግን ከላይ እየተቆረጠ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በገመድ ታስሮ መውረድ አለበት። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው እርጥብ ባህር ዛፍ አንድ ሜትር ቁራጭ ብቻ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

«በነጻ» ያለው ሰው ትርፉ እንጨቱ ነው። እንጨት በረጅሙ ሲሆን ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ግንዱን በቁመቱ መጣል ይፈልጋል። እርስዎ የሚፈልጉት በአጭር በአጭሩ እንዲወርድ ነው። ይቅርብዎ።

8 ሺህ ያለውን ገመዱን ያሳይዎ። ገበያ ላይ የሞላው ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ድንገት ይበጠሳል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በተዋስኩት እንዲህ ያለ ገመድ ግንድ አምልጦን የሰው ግድግዳ አፍርሰናል። ውስጥ ሰው አለመኖሩ ነው ያተረፈን። እስከ ዛሬ ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ።

35 ሺህ ያለውንም ዝም ብለው አይቀበሉት። «ከመውጣትህ በፊት ዛፉን ወደ ኋላ በምን ታስረዋለህ?» ይበሉት። ሥሩ የተነሳ ዛፍ ላይ የሚወጣ ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ያስባል። «ችግር የለም፣ ቀላል ነው» ካለዎት ያሰናብቱት። ቱንቢው ከሸሸ ደግሞ ጨርሶ አይወጣበትም፤ ሰው የሚያነሳ መኪና ወይም ክሬን ያስፈልጋል። ዋጋውም ይጨምራል። ያኔ አይከራከሩ፣ ይክፈሉ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የጎረቤት አጥር ቢፈርስ ማን ይከፍላል? ቅርንጫፉን ማን ያነሳል? ግማሹን ክፍያ ሥራው ሲያልቅ ይስጡ። ጉቶውን አያስቆፍሩት፣ የጎረቤት መሠረት አጠገቡ ነው። ቅርፊቱን እስከ አፈሩ ያስልጡና አፈር ያልብሱት፣ አለዚያ መልሶ ያቆጠቁጣል።

በሥራው ቀን ጠዋት ደግሞ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኞች መጥተው ሽቦውን ከምሰሶው ሲፈቱ በዓይንዎ ሳያዩ መጋዙ አይነሳ።