«ፉልሰም» ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግቢን ያሳየኋቸው አንዲት እንግሊዛዊት አገራቸው ሲገቡ ረጅም የምስጋና ደብዳቤ ላኩልኝ። እኔም «ስለ ተትረፈረፈው ሙገሳዎ አመሰግናለሁ» ለማለት በእንግሊዝኛ «ታንክ ዩ ፎር ዩር ፉልሰም (fulsome) ፕሬይዝ» ብዬ መለስኩ። ባልደረባዬ ግን «ሰደብካቸው እኮ!» አለኝ። መዝገበ ቃላቴ «ፉልሰም»ን «የተትረፈረፈ» ይለዋል። ማናችን ነን ትክክል? (አስጎብኚው፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ሁለታችሁም። ጣጣውም እሱ ነው።

ቃሉ «ሙሉ» ከሚለው «ፉል» እና «ትራብልሰም» (አስቸጋሪ) ጫፍ ላይ ካለችው «ሰም» የተገጠመ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ «የበዛ፣ የተትረፈረፈ» ማለት ነበር። ቀስ በቀስ «የወፈረ»፣ ኋላም «የሚያቅለሸልሽ» ሆነ። ቅቤ የበዛበትን ወጥ ያስቡ፤ ያጣፈጠው ቅቤ ራሱ ይዘጋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለሙገሳ ሲነገር ቅጥ ያጣ፣ ከልብ ያልሆነ ውዳሴ ማለት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የጥንቱ ትርጉም ተመልሶ መጣ። ዛሬ አንዱ አንባቢ «የተትረፈረፈ» ብሎ ሲረዳው ሌላው ፊቱን ያጨፈግጋል።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የከፋው ቃሉን በራሳቸው በእንግዳዋ ሙገሳ ላይ ስላዋሉት ነው። ቃሉን በክፉ ጎኑ የሚያውቅ ሰው «ለሽንገላዎ አመሰግናለሁ» ብሎ ያነበዋል። በቦታው «ጄኔረስ» (ለጋስ) ወይም «ካይንድ» (ደግ) ቢገባ ማንም አይሳሳትም። ለይቅርታም «ፉልሰም አፖሎጂ» ከማለት «ፉል አፖሎጂ» ይሻላል። ነቀፋ ከፈለጉ ብቻ «ፉልሰም ፍላተሪ» ይበሉ፤ «ፍላተሪ» ሽንገላ ስለሆነ አሻሚነቱን ያጠፋዋል። ሲናገሩት ደግሞ «ፉ» አጭር ናት፣ «ፉል» ላይ እንዳለችው።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው አንድ ቃል አይበቃውም። «ሽንገላ» ማታለል አለበት፣ «ማሽቃበጥ» የሰውየውን ጎንበስ ቀና ያሳያል፣ «ውዳሴ ከንቱ» ባዶነቱን። «ፉልሰም» ግን መጀመሪያ የሚለካው መጠኑን ስለሆነ «ቅጥ ያጣ ሙገሳ» ይቀርበዋል ባይ ነን። አዝማሪ ሸላሚውን አንበሳ፣ ነብር ቢለው «ፉልሰም» አይባልም፤ አሞጋሹም ተሞጋሹም የጨዋታውን ወግ ያውቃሉ። ያው ግጥም የሥራ ማመልከቻ ላይ ቢገባ ግን ቃሉ ልክክ ይልበታል።

ለእንግዳዋ የማስተካከያ ደብዳቤ አይጻፉ። ከምስጋናው አጠቃላይ ቃና ሐሳብዎን ሳይረዱት አይቀሩም፤ ማብራሪያው ነው ያላሰቡትን ስድብ የሚያሳስባቸው።