የስምንቱ ደቂቃ ዕዳ

ልጆቼ፣

ማክሰኞ ዕለት፣ ደብረ ማርቆስ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ለፈተና የሚዘጋጁ አምስት የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ ስለ ብርሃንና ስለ ሰማይ አካላት የተማሩትን እናስታውስ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ክፍያው የእናቶቻቸው ቡና ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አካፍሉት፣ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ ይመጣል። እስከዚህ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። አንዲቱ ግን ስልኳን እያየች «ጋሼ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የምናያት በእውነት ከጠለቀች ከስምንት ደቂቃ በኋላ ነው ይላል። ልክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ከዚህ ጥያቄ አርባ ዓመት ስሸሽ ኖሬአለሁ።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመቴን የያዝሁ የሳይንስ መምህር ነበርሁ፤ ጫማዬን በየጠዋቱ የምወለውል፣ ማርክ በመቆጠብ የምኮራ። ከተማሪዎቼ መካከል ከቅኔ ቤት ወጥቶ ዘግይቶ አስኳላ የገባ ልጅ ነበር። «መምህር» ማለት አልሆንለት ብሎ «የኔታ» ሲለኝ ክፍሉ ይስቅበታል። ቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ (ፈጥሮ) ካልመጣ ተማሪ አይባልም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ አባቴ መሪጌታ ነበሩ።

በፈተናው ላይ «እውነት ወይም ሐሰት» በሚለው ክፍል ያችኑ ጥያቄ አወጣሁ። የእኔ መልስ «እውነት» ነው። እሱ «ሐሰት» አለ። ቀይ እስክሪብቶ ጎተትሁበት። ወረቀት በተመለሰበት ቀን ሰሌዳው ድረስ መጣ።

«የኔታ፣ የምትዞረው መሬት አይደለችም?»

«ናት።»

«እንግዲያ ፀሐይ የት ሄደች? ውሃው ከጮቄ እኛ አሸንዳ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይፈጅ ይሆናል። እናቴ እንስራዋን ከአሸንዳው ሥር ስታነሳ ግን መሙላቱ የሚቆመው ያን ጊዜውኑ ነው። ግማሽ ቀን አይጠብቅም።»

ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ልክ እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ። ስልሳ ልጆች ደግሞ እያዩኝ ነው። «ይኼ ቅኔ ቤት አይደለም፤ ቦታህ ተቀመጥ» አልሁት። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ልጁ ወረቀቱን በጥንቃቄ በአራት አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተውና እጅ ነስቶኝ ተመለሰ። እጅ ነስቶኝ! ቢቆጣ ኖሮ እስከ ዛሬ ባልከነከነኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጁን ዳግመኛ አላወጣም።

በዚያው ክረምት ለኮርስ ባሕር ዳር ሄድሁ። አንድ ምሽት ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወደ ጣና ስትወርድ ቆሜ ሳይ፣ እንስራው መጣብኝ። ብርሃኑ ሳያቋርጥ የሚወርድ ውሃ ነው። ፀሐይ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ዘልላ የምትገባበት ጉድጓድ የለም፤ ከውሃው ሥር እየዞርን የምንወጣው እኛው ነን። በማግሥቱ የኮርሱን መምህር ጠየቅሁ። ሳቁና «ልጁ ትክክል ነው፤ ግን ያልነገርኸው ሌላ ነገር አለ» ብለው አንድ ጣሳና አንድ ሳንቲም አመጡ።

ሳንቲሙን ጣሳው ውስጥ ጣሉት። የጣሳው ጠርዝ ሳንቲሙን እስኪጋርድብኝ ድረስ ወደ ኋላ አራቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ውሃ ጨመሩ፤ ሳንቲሙ ብቅ አለ። ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ብርሃን ታጥፎ ዓይኔ ደረሰ። አየርም ከባዶ ጠፈር በመጣው ብርሃን ላይ ይህንኑ በጥቂቱ ያደርጋል። ስለዚህ የፀሐይ የታችኛው ጠርዝ አድማስን ሲነካ በምናይበት ቅጽበት፣ መላ አካሏ ከአድማሱ በታች ወርዷል። ማጠፉ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ እኛ አገር ፀሐይ ወደ ታች ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ጠልቃ ሳለ እናያታለን የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ደቂቃውም ምክንያቱም ግን የእኔ አልነበሩም።

መስከረም ስመለስ ልጁ አልተመዘገበም። አባቱ ሞተው እርሻ ይዞ ቀረ አሉኝ። ቀበሌው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መጀመሪያ ጭቃው ይድረቅ አልሁ፤ ቀጥሎ የፈተና እርማት ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ አፈርሁ። ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርሁ። ከመሄዴ በፊት ግን የማርክ መዝገቡን ከመደርደሪያው አውርጄ ያችን አንድ ነጥብ ጨመርሁለት። ማን ሊያየው?

ስለ ጥናት ሰዓት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ጓደኛ አልጽፍላችሁም፤ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። የዛሬ ልጆች የምታናድዱኝ በሌላ ነው። ስልኩ ያላችሁን ታምናላችሁ፤ ስልኩን ግን «የኔታ፣ የምትዞረው መሬት አይደለችም?» አትሉትም። እኛ መምህሩን ፈርተን ዝም እንል ነበር፤ እናንተ ማንንም ሳትፈሩ ዝም ትላላችሁ። ደግሞ ልክ አይደለሁም መሰለኝ፤ የልጅ ልጄ ባለፈው ሌሊት ስልኩን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ «አጥቢያ ኮከብ ናት» ብዬ የማልሁባትን ጁፒተር እንደሆነች አሳይቶኛል። ልጅቱም ብትሆን ስልኳን ተጠራጥራ ነው እኔን የጠየቀች።

ማንንም ሳትጠይቁ በገዛ ዓይናችሁ የምታዩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሚያዝያ 9 ገደማ ፀሐይ በደብረ ማርቆስ አናት ላይ ታልፋለች። ቀጥ ያለ ዱላ ሜዳ ላይ ትከሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጥላ ስታዩ ዋሸን እንዳትሉ፤ የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ የእኛ እውነተኛ እኩለ ቀን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ያን ጊዜ ጥላው ወደ ዱላው እግር ይገባና ይጠፋል። በነሐሴ 20 ገደማም ይደገማል፤ የጎጃም ክረምት ግን አያሳያችሁም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን የጋረደች ጠዋት፣ ከወይራዬ ሥር በቅጠሎቹ መካከል ሾልከው የወደቁት የብርሃን ክቦች በሙሉ ማጭድ መስለው ነበር፤ ሽንቁር ሁሉ የፀሐይን ሥዕል ይጥላል። ያን ጠዋት መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ለልጅቱ ማክሰኞ ዕለት መልሱን አልሰጠኋትም። «ዓርብ ስትመጪ ጣሳና ሳንቲም ይዘሽ ነይ» አልኋት። ጣሳ አለን አለች፤ ሳንቲም ግን ቤታቸው ውስጥ ፈልጋ አጥታ፣ ሁሉን የሚከፍሉት በስልክ ነውና፣ ማምሻውን ተመልሳ መጣች። ከመሳቢያዬ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ ሰጠኋት። «እስኪ ማታ አንቺው ቀድመሽ ሞክሪው፤ እኔን የሚያሳፍር ነገር ካገኘሽ ሁሉም ፊት ንገሪኝ» አልኋት።